አይጠ መጎጦቹ ለምን አልሞቱም? የስቴሮይድ ሆርሞኖችና የከባድ ብረቶች መርዝነት የምርምር ታሪክ

ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አጭር የምርምር ዘገባ አወጣ። አቅራቢው በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ሕክምናና ቀዶ ሕክምና ኢንስቲትዩትን ይመሩ የነበሩት ሃንስ ሴልዬ ነበሩ። የዘገባው ፍሬ ነገር በጥቂት ቃላት ይነገራል። ሜርኩሪክ ክሎራይድ የተባለው የባዜቃ ጨው የተሰጣቸው አይጠ መጎጦች የኩላሊታቸው ቱቦዎች ተበላሽተው ይሞታሉ፤ ስፓይሮኖላክቶን የተሰጣቸው ግን ኩላሊታቸው ተርፎ በሕይወት ይቆያሉ። ስፓይሮኖላክቶን የልብ ድካም ላለበት፣ በጉበት ሕመም ሳቢያም ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ታካሚ የምናዝዘው፣ የአልዶስትሮንን ሥራ የሚገታ ስቴሮይድ ነው። የመድኃኒት መጻሕፍቶቻችን ለባዜቃ መርዝ ማርከሻ ብለው አያሰፍሩትም።

ውጤቱ ለማመን ያዳግት የነበረው በቀላል ምክንያት ነው። መድኃኒትም ሆነ ከዕፅዋት የሚገኝ መርዝ በጉበት ኢንዛይሞች ተሰባብሮና ቅርጹን ለውጦ ሊጠፋ ይችላል። ባዜቃ፣ ካድሚየምና እርሳስ ግን ንጥረ ነገሮች ናቸው። የትኛውም ኢንዛይም አንዱን አቶም ሰብሮ ወደ ሌላ ሊለውጠው አይችልም። ሰውነት ማድረግ የሚችለው ብረቱ እንዳይገባ መከልከል፣ ገብቶ ከሆነ በሐሞት ወይም በሽንት ማስወጣት፣ ይህም ካልሆነለት አንድ ቦታ አስሮ ማስቀመጥ ነው። ታዲያ ከሆርሞን ጋር የሚዛመድ ሞለኪውል አይጠ መጎጦቹን ያዳናቸው በየትኛው መንገድ ነው? ይህን ጥያቄ ተከትለን ስንሄድ ከላቦራቶሪው ወጥተን በጃፓን የሩዝ ማሳ አጠገብ ይኖሩ ወደነበሩ እናቶች፣ ከዚያም ወደ ራሳችን የምርመራ ክፍሎች እንደርሳለን።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበትን ትልቁን ዝርያ አይጠ መጎጥ፣ ትንሹን ደግሞ አይጥ እንላቸዋለን። ሁለቱ ለአንድ መርዝ የሚሰጡት ምላሽ ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ልዩነቱን መጠበቅ ይገባል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞንትሪያል የተነሣው ሐሳብ

ሴልዬ በ1907 በቪየና ተወልደው በፕራግ ሕክምና የተማሩ፣ ኋላም ወደ ካናዳ የተሻገሩ ሰው ናቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው ስትረስ ከሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ጋር ነው። በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አዲስ የእንቁልጢ ሆርሞን ለማግኘት ተስፋ አድርገው ከእንስሳት ዕጢዎች የተጨመቀ ፈሳሽ አይጠ መጎጦችን ይወጉ ነበር። የእንስሳቱ አድሬናል ዕጢ አበጠ፣ ታይመስ የተባለው ዕጢ ኮሰመነ፣ ጨጓራቸው ቆሰለ። አዲሱ ሆርሞን ተገኘ ሲባል ፎርማሊን የተወጉትም እንስሳት ያንኑ ምልክት አሳዩ። በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ደብዳቤ ከዚህ ተስፋ መቁረጥ የተወለደ ነው፤ ጎጂው ነገር ምንም ይሁን ምን ሰውነት የሚሰጠው አንድ የጋራ ምላሽ አለ፣ የዚህም ምላሽ ማዕከል አድሬናል ዕጢ ነው የሚል ነበር።

ይህ ደብዳቤ ለርእሳችን የሚኖረው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ማንኛውም መርዝ የአድሬናል ዕጢን የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ መርዝ የተሰጠው እንስሳ ሁሉ በራሱ ስቴሮይድ ውስጥ ተነክሮ ነው ከመርዙ ጋር የሚታገለው ማለት ነው። ስለዚህ ‹‹ንጹሕ›› የብረት መርዝነት ሙከራ የሚባል ነገር የለም። እንስሳው በጠባብ ሣጥን መታጎሩ፣ መራቡ፣ በእጅ መያዙ እንኳ የሆርሞኑን መጠን ይለውጣል።

በ1960ዎቹ ሴልዬ ወደ ስቴሮይዶች ተመልሰው አዲስ ክፍፍል አቀረቡ። እንደ ኮርቲዞን ያሉት ሰውነት መርዙን ታግሦ አብሮት እንዲኖር ያደርጋሉ አሉ፤ እነዚህን ሲንቶክሲክ ብለው ሰየሟቸው። ሌሎቹ ደግሞ መርዙን ራሱን ያጠፋሉ፤ እነርሱንም ካታቶክሲክ አሏቸው። ከኋለኞቹ ሁሉ ብርቱ የሆነው ፕሬግኔኖሎን 16 አልፋ ካርቦናይትራይል የተባለው፣ ያን ያህል የሚቆጠር የሆርሞን ሥራ የሌለው ስቴሮይድ ነበር። ስፓይሮኖላክቶንም በዚሁ ጎራ ተመደበ። በ1969 አይጠ መጎጦችን ከዲጂቶክሲን መርዝ እንደሚያድን ያሳዩት እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዲጂቶክሲን በጉበት የሚሰባበር መድኃኒት ስለሆነ ማብራሪያው ቀላል ነበር፤ ስቴሮይዱ የጉበትን ኢንዛይሞች ያበዛል፣ ኢንዛይሞቹም መድኃኒቱን ያቃጥላሉ።

በዓመቱ የቀረበው የባዜቃ ውጤት ግን ከዚህ ማብራሪያ ጋር አይገጥምም። መልሱ የተገኘው ከስቴሮይዱ ሆርሞን መሰል አካል ሳይሆን በጎኑ ከተንጠለጠለ ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። ስፓይሮኖላክቶን ድኝ ወይም ሰልፈር ያዘለ ቅርንጫፍ አለው። ባዜቃ ደግሞ ድኝ ካገኘ አይለቅም፤ የኩላሊትን ሴሎች የሚገድለውም በፕሮቲኖቻቸው ላይ ያለውን ድኝ በመያዝ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚያጋልጠው ድኝ ባዜቃውን ይይዘዋል፣ ከዚያም ጉበት ወደ ሐሞት ይገፋዋል። በ1972 የታተመ ጥናት ስፓይሮኖላክቶን በተሰጣቸው አይጠ መጎጦች ሐሞት ውስጥ የሚወጣው ባዜቃ መጨመሩን አሳየ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኦክስፎርድ እነ ፒተርስ፣ ስቶከንና ቶምፕሰን ሊዊሳይት ለተባለው የአርሴኒክ ጋዝ ማርከሻ ሲፈልጉ ያገኙት፣ በ1945ም ይፋ ያደረጉት ዳይመርካፕሮል የሚሠራው በዚሁ የድኝ ኃይል ነው። የሞንትሪያሉ ስቴሮይድ የሆርሞን ልብስ የለበሰ የዳይመርካፕሮል ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ውጤቱ እውነት ነበር፣ ንድፈ ሐሳቡም በሌላ ቦታ እውነት ነበር፤ ሁለቱ ግን አልተገናኙም። ሴልዬ በ1971 ባሳተሙት ‹‹ሆርሞኖችና ተከላካይነት›› በተሰኘ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እጅግ ብዙ መርዞችን ከእጅግ ብዙ ስቴሮይዶች ጋር አፋጥጠዋል። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ብርታትም ድካሙም አንድ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያድን በሰንጠረዥ ያሳያል፣ በምን መንገድ እንደሚያድን ግን በአንድ ስም ጠቅልሎ ያልፈዋል።

የካታቶክሲክ ንድፈ ሐሳብ የራሱን ፍርድ ያገኘው ሴልዬ በ1982 ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በ1998 ክሊዌርና ባልደረቦቻቸው በጉበት ሴል ኒውክሊየስ ውስጥ የሚገኝ አንድ ተቀባይ ሞለኪውል አገኙ። ተቀባዩን ከሚቀሰቅሱት ሁሉ ፊተኛው ያው የሴልዬ ካርቦናይትራይል ስቴሮይድ ነበር፤ በመሆኑም ፕሬግኔን ኤክስ ሪሴፕተር ተባለ። መድኃኒት የሚያቃጥሉትን ኢንዛይሞች የሚያበዛው ይህ ተቀባይ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ዝርዝር ከዚህ ይጀምራል። የአይጠ መጎጡን ተቀባይ በብርቱ የሚቀሰቅሰው ስቴሮይድ የሰውን ተቀባይ እምብዛም አይነካውም። የሰውን ተቀባይ በብርቱ የሚቀሰቅሰው ሪፋምፒሲን ነው፤ እርሱ ደግሞ በአይጠ መጎጥ ላይ ያን ያህል ኃይል የለውም። የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒክ ውስጥ የሠራ ባለሙያ ሁሉ ሪፋምፒሲን የጀመረች ሴት የምትወስደው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን እንደሚዳከም፣ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም መጠናቸው መስተካከል እንዳለበት ያውቃል። ያ ዕለታዊ ችግራችን ሴልዬ በአይጠ መጎጥ ላይ ያዩት ነገር የሰው ግልባጭ ነው። ከአይጠ መጎጥ ወደ ሰው በቀጥታ የሚዘልል ተመራማሪ በዚህ አንድ ተቀባይ ምክንያት ብቻ እንኳ መድኃኒቱን ሊስት እንደሚችል ልብ ይሏል።

ፕራግ፦ ብረቱ ዕጢውን ሲያጠቃ

በሞንትሪያል የተጠየቀው ሆርሞን ከብረት ያድናልን የሚለው ነበር። ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በቼኮዝሎቫኪያ ርእሰ ከተማ በፕራግ የተገላቢጦሹ ተጠይቆ ነበር፤ ብረት የሆርሞን ምንጭ የሆነውን ዕጢ ቢያጠቃ ምን ይሆናል?

ፓርዢዜክ የተባሉት ተመራማሪ በ1956 እና በ1957 ባወጧቸው ጽሑፎች አንድ አነስተኛ የካድሚየም መርፌ ከቆዳ በታች የተወጋ ወንድ አይጠ መጎጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዘር ፍሬው ደም አዝሎ እንደሚሞት አሳዩ። ሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች በዚያ መጠን ያን ያህል አይነኩም። ከዘር ፍሬው ጋር ቴስቶስቴሮን ይጠፋል፤ እንስሳው እንደ ተኮላሸ ያህል ፕሮስቴትና ሴሚናል ቬሲክል የተባሉት ዕጢዎቹ ይኮሰምናሉ። ከሳምንታት በኋላ ግን የሚገርም ነገር ይታያል። ዘር የሚያመርተው ክፍል እንደ ጠፋ ሲቀር ሆርሞን የሚያመነጩት ሴሎች እንደገና ያቆጠቁጣሉ፣ የወንድነት ምልክቶቹም ይመለሳሉ። ዚንክ አብሮ ከተሰጠ ጉዳቱ ከነጭራሹ አይደርስም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዘር ፍሬው የደም ሥሮች መሆኑ ቀስ በቀስ ታወቀ። በ1965 ጋንና ባልደረቦቻቸው ኤስትሮጅን አስቀድሞ የተሰጣቸው እንስሳት የደም ሥሮቻቸው ከካድሚየም እንደሚጠበቁ ዘገቡ። የሴት ሆርሞን የወንድን ዕጢ አዳነ ማለት ነው። አንዳንድ የአይጥ ዝርያዎችም ያለ ምንም ሆርሞን በተፈጥሯቸው ይቋቋሙታል። የዚህ ምክንያት በ2005 ሲገለጥ፣ ካድሚየምን ወደ ሴል የሚያስገባ አንድ የዚንክ አጓጓዥ ፕሮቲን በእነዚያ ዝርያዎች የዘር ፍሬ የደም ሥሮች ላይ አለመሠራቱ ሆኖ ተገኘ። በሩ ከሌለ እንግዳው አይገባም።

ከፓርዢዜክ ሥራዎች ሁሉ በተለይ ሐኪምን የሚያስደነግጠው በ1965 ስለ እርጉዝ አይጠ መጎጦች የጻፉት ነው። እርጉዝ ያልሆነች አይጠ መጎጥ የምትቋቋመው የካድሚየም መጠን በእርግዝና መጨረሻ ላይ ያለችውን ይገድላታል። የእንግዴ ልጁ ይሞታል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ እናቲቱም ትንዘፈዘፋለች። እርሳቸውም ሁኔታውን በሙከራ የተፈጠረ የእርግዝና ቶክሲሚያ ብለውታል። በማዋለጃ ክፍል ኤክላምፕሲያ ያየ ሰው ይህን መግለጫ አንብቦ በቀላሉ አያልፈውም። የሰው ኤክላምፕሲያ በካድሚየም ይመጣል ማለት ግን አይደለም፤ እንዲህ የሚል ድምዳሜ ከአንድ የእንስሳ ሙከራ መዝለል ይሆናል። የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። በመርዝ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ቁጥር የሚጻፈው ገዳይ መጠን የአንድ ፍጥረት ሳይሆን በአንድ የሆርሞን ሁኔታ ላይ ያለ ፍጥረት መጠን ነው።

የታሰረ ብረት

ሰውነት ብረትን አስሮ የሚያስቀምጥበት ገመድ የታወቀው በ1957 ነው። ማርጎሼስና ቫሊ ከፈረስ ኩላሊት ካድሚየም ያዘለ ፕሮቲን ለዩ፤ ኋላም ሜታሎታዮኒን ተባለ። ትንሽ ሆኖ በድኝ የተሞላ ፕሮቲን ነው። ጉበት ካድሚየም ሲገባበት ይህን ፕሮቲን ያበዛል፣ ብረቱንም በእርሱ ያስራል።

ፕሮቲኑን የሚያበዛው ግን ብረት ብቻ አለመሆኑ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግልጽ ሆነ። ዴክሳሜታዞን በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ሴሎች ውስጥ ሜታሎታዮኒንን ያበዛል፤ በ1981 ደግሞ ሄገርና ፓልሚተር ግሉኮኮርቲኮይድ በአይጥ ጉበት ውስጥ የፕሮቲኑን ጅን በቀጥታ እንደሚቀሰቅስ አሳዩ። በዚህም የሴልዬ የ1936 ደብዳቤ ከብረት ጋር ተገናኘ። የተራበ፣ የታሰረ ወይም የተጨነቀ እንስሳ አድሬናል ዕጢው ኮርቲኮስቴሮን ያመነጫል፣ ጉበቱም ሜታሎታዮኒን ያበዛል፣ ከዚያም የሚመጣውን ካድሚየም ለመያዝ የተዘጋጀ ሆኖ ይጠብቃል። ሁለት ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት መጠን ሰጥተው የተለያየ ውጤት ያገኙበት አጋጣሚ ሁሉ በዚህ ባይገለጽም፣ የእንስሳት ቤቱ አያያዝ በዘገባ ውስጥ በጥንቃቄ መጻፍ ያለበት ለምን እንደ ሆነ ግን ያስረዳል።

ይህ መታሰር ዕዳም አለው። በጉበት የታሰረው ካድሚየም ከነገመዱ ቀስ ብሎ ወደ ደም ይወጣል፣ በኩላሊት ይጣራል፣ የቱቦዎቹም ሴሎች መልሰው ይውጡታል። በዚያም ገመዱ ሲፈታ ብረቱ ነጻ ይወጣል። ጉበትን ያዳነው ፕሮቲን ኩላሊትን ያስይዛል ማለት ነው። በሰው ኩላሊት ውስጥ ካድሚየም ግማሹ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል።

ስቴሮይድ ሁሉ ጠባቂ አለመሆኑን ያሳዩት ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የዋልክስ ቡድን አባላት ናቸው። በ1990ዎቹ ባወጧቸው ሥራዎች ፕሮጄስቴሮን አስቀድሞ የተሰጠው ወንድ አይጠ መጎጥ በካድሚየም ይበልጥ እንደሚጎዳ አሳዩ። ሆርሞኑ ወደ ሴሎቹ የሚገባውን ካድሚየም አብዝቶ ተገኘ። ኮርቲኮይዱ ገመድ ሲያቀርብ ፕሮጄስቴሮን በር ይከፍታል። ሁለቱ በሞለኪውል ቅርጽ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ አስተማሪ ያደርገዋል። ‹‹ስቴሮይዶች ከከባድ ብረት ይከላከላሉ›› ወይም ‹‹ያባብሳሉ›› ብሎ በደፈናው መናገር ትርጉም የማይኖረውም ለዚህ ነው፤ የትኛው ስቴሮይድ፣ የትኛው ብረት፣ የትኛው አካል፣ የትኛው ፆታ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የጂንዙ ወንዝ እናቶች

እስካሁን ያየነው በላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን ነው። ካድሚየምና የሆርሞን ለውጥ በአንድ ሰው አካል ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ጃፓን ውስጥ፣ በቶያማ ክፍለ ሀገር፣ ማንም ሳያቅደው ታይቶ ነበር። ከካሚዮካ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ የሚወጣው ቆሻሻ በጂንዙ ወንዝ እየወረደ የሩዝ ማሳዎችን ለብዙ ዓመታት አጠጣ። በዚያ የሚኖሩ ሰዎች አጥንታቸው እየለሰለሰ፣ በትንሽ እንቅስቃሴ እየተሰበረ፣ ቁመታቸው እያጠረ ይሠቃዩ ነበር። ሕመሙ ኢታይ ኢታይ ተባለ፤ በጃፓንኛ ‹‹አመመኝ፣ አመመኝ›› እንደ ማለት ነው።

ኖቦሩ ሃጊኖ የተባሉ የአካባቢው ሐኪም ከጦርነቱ ተመልሰው በቤተሰባቸው ክሊኒክ ሥራ ሲጀምሩ እነዚህን ሕመምተኞች በብዛት አዩ። በ1961 ካድሚየም ነው የሚለውን መደምደሚያ ከሌሎች ጋር ሆነው አቀረቡ። ለመደመጥ ጊዜ ወሰደ። ብዙ ጊዜ የሚነሣባቸው ጥያቄ፣ ውኃውና ሩዙ የሁሉም ከሆነ ሕመሙ ለምን በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ልጅ የወለዱ ሴቶችን ይመርጣል የሚል ነበር። ባሎቻቸውም ከዚያው ድስት ይበሉ ነበር።

የጃፓን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1968 ያወጣው መግለጫ ለዚህ ጥያቄ መልሱን በውስጡ ይዟል። ካድሚየም በመጀመሪያ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ቀጥሎም አጥንት ይለሰልሳል፤ ለዚህም እርግዝና፣ ማጥባት፣ የሆርሞን መዛባት፣ እርጅናና የካልሲየም እጥረት አጋዥ ምክንያቶች ናቸው ሲል ገለጸ። የማዕድን ኩባንያው በፍርድ ቤት የተረታው በ1971 ሲሆን፣ ይግባኙም በ1972 ውድቅ ተደረገ።

‹‹የሆርሞን መዛባት›› የሚለው ሐረግ በመግለጫው ውስጥ ሲገባ ከግምት ብዙም ያለፈ አልነበረም። በሙከራ የተደገፈው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባታቻርያና ባልደረቦቻቸው በ1988 ያወጡት ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ነው። እንቁልጢያቸው የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን አይጦች ካድሚየም ያለበት ምግብ አበሏቸው። በሚሊዮን 50 እጅ ካድሚየም በያዘው ምግብ፣ እንቁልጢ የሌላቸው አይጦች ካላቸው ይልቅ ጉልህ በሆነ መጠን የአጥንት ማዕድን አጡ። ከዚያም ያልተወለዱ አይጠ መጎጦችን የእግር አጥንት በብርጭቆ ውስጥ አድርገው፣ በእነዚያ አይጦች ደም ውስጥ ይገኛል ብለው የገመቱትን እጅግ ጥቂት ካድሚየም ጨመሩበት። ከአጥንቱ የሚሟሟው ካልሲየም ከ27 በመቶ ወደ 68 በመቶ አደገ። ኩላሊት በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ ካድሚየም አጥንትን በቀጥታ እንደሚያስሟሟ፣ ኤስትሮጅን ሲጎድል ደግሞ ይህ እንደሚብስ በአንድ ጽሑፍ ታየ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግኝቱን ከጂንዙ ሴቶችና ከሚያጨሱ ሴቶች ጋር አያይዘውታል፤ የትምባሆ ጭስ ካድሚየም አለበትና።

የወር አበባ የሚያዩና የሚወልዱ ሴቶች የብረት ማዕድን እጥረት ሲያገኛቸው አንጀታቸው ካድሚየምን አብዝቶ ይስባል፤ በማረጥ ጊዜ ደግሞ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን ይጠፋል። በወጣትነት የተጠራቀመው በእርጅና ይከፈላል። ከአንድ ድስት የበሉት ባሎች ያልታመሙበት ምክንያት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚገኘው።

ከዚህ ጋር የሚጣረስ የሚመስል ግኝት በ2003 መጣ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የማርቲን ቡድን ባወጣው ሥራ እንቁልጢ የሌላቸው አይጠ መጎጦች ጥቂት ካድሚየም ሲሰጣቸው ማኅፀናቸው ከበደ፣ የጡታቸውም ሕብረ ሕዋስ አደገ፤ የኤስትሮጅን ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጥ ውጤቱ ቀረ። ብረቱ ራሱን ሆርሞን አስመሰለ። ታዲያ ኤስትሮጅንን የሚመስል ብረት አጥንትን እንዴት ያጠፋል? መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና የሚነካው አካል ይለያያል። በማኅፀን ተቀባዩን የሚቀሰቅስ ነገር በአጥንት ሌላ በር ሊያንኳኳ ይችላል።

ፆታና የላቦራቶሪ ልማድ

እነዚህን የቆዩ ጽሑፎች የሚያገላብጥ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከዘር ፍሬ ወይም ከእርግዝና ጋር ካልተያያዘ በቀር ብዙዎቹ ሙከራዎች በአንድ ፆታ እንስሳት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በወንዶቹ። ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው የሴቶቹ የሆርሞን ዑደት ውጤቱን ያውካል የሚል ነው። በሌላ አነጋገር እዚህ የምንተርከው ጉዳይ ሁሉ ‹‹ሁከት›› ተብሎ ከሙከራው ውጭ ተደርጓል።

ሁለቱን ፆታዎች ጎን ለጎን ያስቀመጡት ግን ብዙ አገኙ። የሚናማታ አደጋ በደረሰበት በኩማሞቶ የነበሩት ሂራያማና ያሱታኬ በ1980ዎቹ ሜቲል ሜርኩሪ የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ከሴቶቹ ይልቅ ብዙ ባዜቃ በሽንት እንደሚያስወጡ አዩ። ወንዶቹ ሲኮላሹ የሚያስወጡት ቀነሰ፤ ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የሚሠራው የስቴሮይዱ ድኝ አይደለም፤ ሆርሞኑ ኩላሊት ግሉታታዮን የተባለውን ውሕድ የሚያስተናግድበትን መንገድ በመለወጡ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች በገንዘባቸው የሚሠሩ የእንስሳት ጥናቶች ሁለቱንም ፆታዎች ከግምት እንዲያስገቡ እንደሚጠይቁ ያስታወቁት በ2014 ነው፤ ፓርዢዜክ ስለ እርጉዞቹ አይጠ መጎጦች ከጻፉ ከ49 ዓመት በኋላ።

ባዜቃና ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ

የላቦራቶሪው ታሪክ ወደ እኛ ምርመራ ክፍል የሚገባበት አንድ በር ባዜቃና ስቴሮይድ በአንድ ሰው ቆዳ ላይ የሚገናኙበት ነው። ፊትን ለማንጣት ከሚሸጡ ቅባቶች መካከል ባዜቃ የተገኘባቸው አሉ፤ እንደ ክሎቤታዞል ያለ ብርቱ ስቴሮይድ የተገኘባቸውም አሉ፤ አንዲት ሴት ሁለቱንም በአንድ ወቅት ልትቀባ ትችላለች። ባዜቃው በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ዘንድ ይደርሳል። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲቀባም የራሷን አድሬናል ዕጢ ሊያዳክም ይችላል።

ከጎረቤታችን ከናይሮቢ በ1972 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ዘገባ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይዟቸው ከተመረመሩት አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት ባዜቃ ያለበትን የፊት ቅባት ይጠቀሙ እንደነበር ገልጿል። ቅባቱን ካቆሙት ውስጥ የተሻላቸው ነበሩ። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ የባዜቃ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል፤ መዋቢያዎችንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ ስምምነት በድንበርና በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚሠራው በተለያየ ፍጥነት ነው።

እንግዲህ ፊቷና እግሯ ያበጠ፣ ሽንቷ ፕሮቲን የሞላበት ወጣት ሴት ስትመጣ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ፕሬድኒሶሎን ነው። የችግሩ ምንጭ ባዜቃ ከሆነ ግን ፕሬድኒሶሎን ብረቱን አይነቅለውም፤ ሴልዬን ያስገረመው ስቴሮይድ ያዳነው በጎኑ በተንጠለጠለው ድኝ ነበር፣ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ድኝ የለውም። ‹‹የሚወስዱት መድኃኒት አለ?›› ብለን ስንጠይቅ ቅባቱን መድኃኒት ብላ የምትቆጥር ታካሚ እምብዛም ስለማትገኝ ‹‹የለም›› ትላለች፤ የፊት ቅባቱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ፣ ከተቻለም ቱቦውን ከቤት እንድታመጣ ማድረግ ያስፈልጋል።